ፕላዝማው አይሰማንም ነበር፦ እንግሊዝኛ ለምናስተምር ሰዎች ከኢንተርኔት ምን እንውሰድ?

ይህ ጽሑፍ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ኪሎ አካባቢ ለእንግሊዝኛ መምህራንና ለአስጠኚዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ ነካ ነካ አድርጌዋለሁ። ማይኩ የተበላሸበትን ሰዓት ዘልዬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ዝናቡንና የታክሲ ሰልፉን ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ባዶ ወንበር አለ። አስተማሪ ፊት መቀመጥ እንደማይወድ አውቃለሁ። ተማሪዎቻችንን ግን በየቀኑ «ፊት ኑ» እያልን ነው የምናስጨንቃቸው። ስለዚህ ኑ።

የጋበዙኝ ሰዎች «እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚጠቅሙ ድረ ገጾችን ንገሪን» ነው ያሉኝ። ዝርዝር ከፈለጋችሁ ስልካችሁን ጠይቁት፤ ሳትጨርሱ መቶ ያወጣላችኋል። እንደኔ ችግራችን የዝርዝር እጥረት አይደለም። ስለዚህ ክፍል ይዣቸው የገባኋቸውን ጥቂቶቹን ብቻ ነው የማነሳው። ከዚያ በፊት ግን ስለ ፕላዝማ ላውራ።

ፕላዝማ የደረሰባችሁ እስቲ እጅ። አያችሁ፣ ግማሽ አዳራሽ ነው። ለወጣቶቹ ላስረዳ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ገቡ። ትምህርቱ በሳተላይት ነው የሚመጣው። እንግሊዝኛውም፣ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም። እኔ ያኔ ጀማሪ አስተማሪ ነኝ። ሥራዬ ምን መሰላችሁ? የቲቪውን ሣጥን በቁልፍ መክፈት። ማብራት። መግቢያ ቢጤ መናገር። ከዚያ ጥግ ይዞ መቆም። ሲያልቅ ደግሞ ማጠቃለያ ቢጤ ተናግሮ መቆለፍ። ተማሪዎቼ «ቲቸር ቁልፍ» የሚል ስም አውጥተውልኝ ነበር። ፊት ለፊት አይሉኝም እንጂ እሰማለሁ።

ልዋሽ አልችልም፣ ትምህርቱ ያምር ነበር። ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው። የሚናገሩትም እንግሊዝኛ ከእኔ እንግሊዝኛ ይሻል ነበር። ግን ቲቪው ጥያቄ ይጠይቃል። «ከጎናችሁ ካለው ጓደኛችሁ ጋር ተወያዩ» ይላል። ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ልጆቹ ገና ጥያቄውን ወደ ደብተር እየገለበጡ ነው። ሰዓቱ ያልቅና ቲቪው «ቬሪ ጉድ! ዌል ደን!» ይላል። ስልሳ ልጅ ፀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ አንድም ሰው አፉን ሳይከፍት፣ ጎበዝ ተባለ። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዱ «ኧረ ማንን ነው?» ብሎ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን አላሳቀኝም።

ይህን የማነሳው ያለፈ ነገር ለመውቀስ ብዬ አይደለም። ዛሬ ስልካችን ላይ የምናወርደው አብዛኛው ነገር ያው ፕላዝማ ስለሆነ ነው። ኪስ የሚገባ ፕላዝማ። ይናገራል እንጂ አይሰማም። ቪዲዮው ሲያልቅ «ግሬት ጆብ» ይላል፤ ማንን እንደሆነ እንጃ። ስለዚህ አዲስ ነገር ባየሁ ቁጥር ራሴን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ይህን ይዤ ብገባ ተማሪዬ ስንት ደቂቃ አፉን ይከፍታል?

በዚህ መለኪያ አንዱን እንየው። ቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ ላይ «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» የሚባል ዝግጅት አለ። ስሙ እንደሚለው ስድስት ደቂቃ ነው። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ጉዳይ ያወራሉ። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ገንዘብ፣ ያልገቡበት የለም። መጀመሪያ ላይ አንዱ ሌላውን ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ ሦስት ምርጫ ያለው። መልሱ የሚነገረው መጨረሻ ላይ ነው። መሐል ላይ ስድስት ያህል ቃላት ይብራራሉ። ድምፁ ይወርዳል፣ ጽሑፉም አብሮ ይወርዳል። ነፃ ነው።

እንግዲህ ስፒከር ሰክቶ ይህን ስድስት ደቂቃ ማሰማት ያው ፕላዝማ ነው። እኔ መጀመሪያ ጥያቄውን ብቻ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ሀ፣ ለ፣ ሐ። ሁሉም አንዱን ይመርጣል። «ሀ ያላችሁ፣ ለምን?» እላለሁ፤ በእንግሊዝኛ ነው ታዲያ። ክርክር ይነሳል። ልጅ ክርክር ውስጥ ሲገባ ስህተቱን ይረሳዋል፤ መርታት ነው የሚፈልገው። «ሂ ዶንት ኖው!» ይላል አንዱ። ዝም እላለሁ፤ ደብተሬ ላይ ብቻ እይዛታለሁ። ዐሥር ደቂቃ እንደዚህ ይሄዳል። ከዚያ ነው ድምፁን የማሰማቸው። የተወራረዱበት ነገር ስላለ ጆሯቸው ቆሟል። መልሱ ሊነገር ሲል ቆም አደርገዋለሁ። ክፉ ነኝ። አንድ ቀን በጩኸቱ ምክንያት ርዕሰ መምህሩ ሮጠው መጥተዋል።

መብራት ቢጠፋስ? ጽሑፉ አለ። ኮፒ ቤት ሁለት ቅጂ ታስነሳላችሁ። ሁለት ልጅ ፊት ይወጣና እንደ ጋዜጠኛ ያነበዋል። እንዲያውም አንዳንዴ ይኼኛው ይበልጣል። ባለፈው አንዷ ልጅ የጠመኔ ሣጥን እንደ ማይክ ይዛ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም።

የአሜሪካ ድምፅን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አባቶቻችን ማታ ማታ ሬዲዮ ላይ ጆሯቸውን የሚለጥፉት ለአማርኛው ነበር። እንግሊዝኛው ደግሞ ለተማሪ ተብሎ የሚዘጋጅ ክፍል ነበረው። የተጀመረው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ስሙ «ስፔሻል ኢንግሊሽ» ይባል ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፤ 1500 ገደማ ቃላት ብቻ፣ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ዝግ ያለ ንባብ። ዜናው ግን እውነተኛ ዜና ነው። ለትልቅ ሰው የልጅ ተረት አይሰጥም። በኋላ «ለርኒንግ ኢንግሊሽ» ተባለ። 52 ትምህርት ያለው «ሌትስ ለርን ኢንግሊሽ» የተባለ የጀማሪ ኮርስም አለው። ማታ ማታ ለምትማር አንዲት የቤት እመቤት ያስተማርኩት በዚህ ነው።

ከዚያ መጋቢት 2017 ላይ የጣቢያው ሥራ ድንገት ተቋረጠ። እኔ ደነገጥኩ። ለምን መሰላችሁ? የዓመቱ የትምህርት ዕቅዴ ግማሹ ሊንክ ነበር። ሊንክ ብቻ! የማይከፈት ሊንክ ይዛችሁ ስልሳ ልጅ ፊት መቆም ምን እንደሆነ አስቡት። ያን ሳምንት የሌሊት ጥቅል ገዛሁ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተነስቼ የምወዳቸውን አንድ በአንድ አወረድኩ። ባለቤቴ «ሌሊት ሌሊት ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ብሎኛል። እነዚያ ፋይሎች ዛሬም ያገለግሉኛል። ደግሞ ጣቢያው ራሱ ያዘጋጃቸው ጽሑፎች የአሜሪካ መንግሥት ሥራ ስለሆኑ የቅጂ መብት ጣጣ የለባቸውም፤ ኮፒ አድርጋችሁ ብታከፋፍሉ ማንም አይጠይቃችሁም። ለማንኛውም፣ የወደዳችሁትን ነገር አውርዱት። ነገ አለ ብላችሁ አትተኙ።

ብሪቲሽ ካውንስልን ባጭሩ ልለፈው። ትልልቆቻችሁ ፒያሳ የነበረውን ቤተ መጻሕፍቱን ታስታውሱታላችሁ። አሁን ሁለት ድረ ገጽ አለው። «ለርን ኢንግሊሽ» ለተማሪው ነው፤ ከጀማሪ እስከ ከፍተኛ በደረጃ የተከፈለ ነው። «ቲቺንግ ኢንግሊሽ» ደግሞ ለእኛ ነው፤ የትምህርት ዕቅድ ሞልቶታል። ጥሩ ናቸው። ችግሩ፣ ዕቅዶቹን የጻፉት ሰዎች አእምሮ ውስጥ ያለው ክፍል ሰፊ ነው። «ወንበሮቹን በክብ አስቀምጡ» ይላል። የትኛውን ወንበር? የኛ ዴስክ ሦስት ልጅ ተጣቦ የሚቀመጥበት፣ ለብቻ የማይነሳ ብረት ነው። እኔ «በክብ» የሚለውን ሳይ «የፊተኛው ረድፍ ወደ ኋላ ዙሩ» ብዬ እተረጉመዋለሁ። ይሠራል።

ንባብ ላይ ደግሞ አንድ ሰው የማይነግራችሁ ነገር ልንገራችሁ። ዊኪፔዲያ በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈ ለብቻው የቆመ ገጽ አለው። «ሲምፕል ኢንግሊሽ» ይባላል። «ኪዊክስ» የሚባል አፕ ደግሞ አለ። በእሱ ይህን ሙሉውን አንድ ጊዜ አውርዳችሁ ከዚያ በኋላ ያለ ኔትወርክ ትከፍቱታላችሁ። ትልቅ ፋይል ነው፤ ዋይፋይ ያለበት ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ አውርዱ። አብርሆት እዚሁ ነው፤ ስብሰባው ሲያልቅ ጎራ ማለት ትችላላችሁ።

ምን እንደማደርግበት ልንገራችሁ። ስለ አበበ ቢቂላ ያለውን እወስዳለሁ። በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን የማያውቅ ተማሪ የለኝም። ታሪኩን ስለሚያውቁት እንግሊዝኛው ብቻ ነው የሚቀራቸው። ጽሑፉን መጀመሪያ እያነበብኩ እያሳሳትኩ እናገራለሁ። «በ1964 ቶኪዮ ላይም በባዶ እግሩ ሮጠ» ስል ክፍሉ ይነሳብኛል። «ኖ ቲቸር! ሂ ሃድ ሹስ!» በእንግሊዝኛ ነው እኮ የሚጮኹት! «ታዲያ የት ነው የተጻፈው? አሳዩኝ» እላለሁ። ያን ጊዜ አንብቡ ብዬ መለመን አያስፈልገኝም።

ለትንንሾቹ የምታስተምሩ ደግሞ «አፍሪካን ስቶሪቡክ»ን ተመልከቱ። ከደቡብ አፍሪካ የሚመራ ነው። አጫጭር ሥዕላዊ ታሪኮች በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች አሉት፤ አማርኛም እንግሊዝኛም። ታሪኩን ማተምም፣ መተርጎምም፣ መለወጥም ይፈቀዳል። ፍየሏ፣ ጓሮው፣ ምድጃው ልጆቻችን የሚያውቁት ነው። የበረዶ ሰው ምን እንደሆነ በማስረዳት ክፍለ ጊዜ አይባክንም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ኢንተርኔት ላይ ያለው አብዛኛው ትምህርት የተሠራው ለኛ ልጆች ተብሎ አይደለም። አንዳንድ ታዋቂ አፖች ገና ሲከፈቱ «የምን ቋንቋ ተናጋሪ ነህ?» ይላሉ። ወደ ታች ብትሄዱ፣ ብትሄዱ፣ አማርኛ የለም። ስለዚህ የኛ ልጅ የት ላይ እንደሚሰናከል አያውቁም።

የኔ ተማሪ ከክፍል ወጥቶ ሊመለስ ሲፈልግ እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ አይ ኬም» ይለኛል። ብሎም ይወጣል። «መጣሁ» ማለቱ ነው። ለንደን ላይ እንዲህ ቢል «ከየት?» ይሉታል፤ እሱ እኮ እየሄደ ነው። ሌላዋ «ኦፕን ዘ ቲቪ» ትላለች፤ «ቲቪውን ክፈተው» ብላ አስባ ነው። «ማይ ሄድ ሲክ ሚ» የሚለኝ አለ፤ «ራሴን አመመኝ»። እነዚህ የስንፍና ስህተቶች አይደሉም። ልጁ አማርኛውን አሳምሮ ያውቃል፤ አማርኛው ነው አፉ ላይ የሚቀድመው። ይህን የሚያርም ድረ ገጽ እስካሁን አላጋጠመኝም። የሚያርመው ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማ ሰው ነው። እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ አንድ ደብተር አለኝ። ስህተት እሰበስባለሁ። የማን እንደሆነ አልጽፍም። አርብ አርብ ዐሥሩን ሰሌዳ ላይ አወጣቸዋለሁ፤ ቡድን ቡድን ሆነው ያርሟቸዋል። ማስረጃ አምጡ እላለሁ። ማስረጃው ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ነው መዝገበ ቃላት የሚገባው።

የኦንላይን መዝገበ ቃላት ስል ቃሉን ወደ አማርኛ የሚመልሰውን አይደለም። ለተማሪ የተዘጋጁትን ነው፤ የካምብሪጅ፣ የኦክስፎርድ፣ የሎንግማን። ሎንግማን ለምሳሌ ትርጉሙን የሚያብራራው 2000 ገደማ በሆኑ ቀላል ቃላት ብቻ ነው። ኦክስፎርድ ደግሞ መጀመሪያ መታወቅ አለባቸው ያላቸውን 3000 ቃላት ለይቶ አስቀምጧል። ድምፁን ነክታችሁ ትሰማላችሁ፤ የእንግሊዙንም የአሜሪካውንም። ለኔ ዋናው ግን የምሳሌ ዓረፍተ ነገሩ ነው።

«ዲስከስ አባውት» ያላላችሁ እስቲ እጅ? እኔም እላለሁ፤ አትፈሩ። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል ያቺን «ስለ» ይዘናት እንገባለን። አማርኛ ፍቺ ብቻ ያየ ተማሪ «መወያየት፣ ገባኝ» ብሎ ይዘጋዋል። ምሳሌውን ያየ ግን ከ«ዲስከስ» ቀጥሎ «አባውት» እንደሌለ ያያል። ሦስት ምሳሌ አንብቦ «ቲቸር፣ የለም እኮ!» ብሎ የጮኸ ልጅ አለኝ። እኔ ለሁለት ዓመት ስነግረው አልሰማኝም። ራሱ ሲያገኘው ግን አብሮት ቀረ።

ድምፅ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እንግሊዝኛ በጉን «ሺፕ» ይላል፤ መርከቡንም «ሺፕ» ይላል። ለእንግሊዙ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ረዘም፣ አንዱ አጠር ይላል። ይኸው በፊደላችን ሳስቀምጣቸው አንድ ሆኑ። ጆሯችንም እንደዚሁ ነው የሚያደርጋቸው። ስለዚህ «ልዩነቱን ስሙ» ብሎ ደጋግሞ መናገር ብቻውን አይበቃም።

እኔ የማደርገው ይኼን ነው። የስልካችሁ ኪቦርድ ላይ ትንሽ ማይክ አለች። ቋንቋውን እንግሊዝኛ አድርጉና ለተማሪው ስጡት። ይናገር፤ ስልኩ የሰማውን ይጽፋል። አንዱ ልጅ «አያቴ ሃያ በግ አላት» ሊል ፈልጎ ስልኩ ሃያ መርከብ ጻፈላት። ክፍሉ ተንከባለለ። «ቲቸር፣ ይሄ ስልክ ደንቆሮ ነው» አለኝ። ደግሞ ሞከረ። ደግሞ መርከብ። ስድስተኛው ላይ ይመስለኛል ድምፁን ሲጎትተው በጎቹ መጡ። እጁን ወደ ላይ አንስቶ የጨፈረውን ብታዩ! ስልሳ ልጅ ለተራው ተሰለፈ።

ይህ ነገር ከፕላዝማው በምን ተለየ? ይሰማል። በትክክል ባይሆንም ይሰማል። አንዳንዴ ልጁ አሳምሮ ብሎትም ይሳሳታል፤ ያን ጊዜ «አንተ ልክ ነህ፣ እሱ ነው» በሉት። ግቡ እንግሊዝ መምሰል አይደለም። ናይጄሪያዊውም ሕንዱም በራሱ ዜማ ነው የሚናገረው፤ ግን ይገባናል። «ዩግሊሽ» የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ ቃል ስትጽፉለት ያ ቃል የተነገረበትን የዩቲዩብ ቪዲዮ እያመጣ ያሰማችኋል። አንድን ቃል ዐሥር ዓይነት አፍ ሲለው መስማት ልጆቹን ያዝናናቸዋል። ዳታ ይበላል ግን፤ አስቀድሜ ላስጠንቅቃችሁ።

ቴሌግራምን የማስተማሪያ መሣሪያ ብሎ የሚቆጥረው ሰው ትንሽ ነው። ለኔ ግን አንደኛ ነው። ለምን? ሁሉም ቤት አለ። በደካማ ኔትወርክም ይሠራል። ጥያቄ አዘጋጅቶ መልሱን ራሱ የሚያርም የኩዊዝ ነገርም አለው። ዋናው ግን የድምፅ መልእክቱ ነው።

የክፍሌ ግማሹ እንኳ የራሱ ስልክ የለውም። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የእናት ስልክ ነፃ ሲሆን ነው የቤት ሥራ የሚመጣው። የቤት ሥራው አንድ ደቂቃ መናገር ነው። «ዛሬ መንገድ ላይ ያየኸውን ንገረኝ።» ለቡድኑ አይደለም፣ ለኔ ብቻ። ስልሳ ልጅ አንድ አንድ ደቂቃ ሲልክ አንድ ሰዓት ይሆናል፤ ሞኝ አይደለሁም፣ በቀን ዐሥር ልጅ ብቻ ነው ተራው። ታክሲ ስጠብቅ እሰማዋለሁ። ካዛንቺስ ድረስ ዐሥሩ ያልቃል።

አንድ ልጅ አለ። ክፍል ውስጥ ስሙን ስጠራ እንኳ አይመልስም፤ እጁን ብቻ ነው የሚያወጣው። የመጀመሪያ መልእክቱ ሦስት ደቂቃ ነበር። በሹክሹክታ። መጀመሪያ ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ለካ ቤተሰቡ አንድ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያወራው። ስለ አንድ ሊስትሮ ነው የሚነግረኝ። ሰዋስው የለውም። «ሂ ዋሽ ማይ ሹ፣ ሂ ኖት ታክ መኒ፣ ሂ ሰይ ጎ ስተዲ።» እኔ በድምፅ መለስኩለት። አላረምኩትም። «ከዚያስ?» ብቻ ነው ያልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት አራት ደቂቃ ላከ።

የመጨረሻው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ስለ እሱ ሳትነግሪን አትወርጂም እንደምትሉ አውቃለሁ። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ከመጣ ወዲህ የተማሪዎቼ ድርሰት በአንድ ሌሊት የኦክስፎርድ ሆኗል። ክፍል ውስጥ «እስቲ ይህን ቃል አብራራው» ሲባሉ ኮርኒስ ያያሉ። ስለዚህ ድርሰት አሁን ክፍል ውስጥ፣ በእጅ ነው።

ለራሴ ግን እጠቀምበታለሁ። ከባድ ጽሑፍ እሰጠውና «ለ9ኛ ክፍል አቅልለው» እለዋለሁ። በደንብ ነው የሚያቀለው። ግን ተሞኝቻለሁ። አንዱን እንዲህ ያለ አፕ ስለ ላሊበላ አንቀጽ ጻፍልኝ አልኩት። ሳላነበው ስልሳ ኮፒ አስነሳሁ። በራሴ ገንዘብ! ክፍል ስንገባ አንዷ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ በጡብ ተሠራ ይላል።» አየሁት። ይላል። አብያተ ክርስቲያናቱን በጡብ ገንብቷቸዋል። ምን ላድርግ፣ «እንግዲያው ለጸሐፊው ደብዳቤ ጻፉና አስረዱት» አልኳቸው። አለት እንዴት እንደሚፈለፈል በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሲታገሉ ክፍለ ጊዜው አለቀ። የዓመቱ ምርጥ ድርሰቶች የዚያን ቀን የተጻፉት ናቸው። ጉግል ትራንስሌት ላይም የማደርገው ይህንኑ ነው። አማርኛ የጨመረው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ተረትና ምሳሌ ስጡት፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ያወጣውን ልጆቹ ያርሙት።

እነዚህ አዳዲሶቹ ይሰማሉ ይባላል። እውነት ነው፣ በድምፅ ታወሯቸዋላችሁ፣ ይመልሳሉ። ብቻዋን ለምታጠና ልጅ መልመጃ ይሆናታል። ግን አንድ ጠባያቸው ያሳስበኛል፤ ለሁሉም ነገር «ጎበዝ» ይላሉ። ያን «ዌል ደን» የት እንደሰማሁት ታውቃላችሁ።

ጥያቄ ወደ መቀበሉ ልለፍ።

አንድ ጋሼ ከወደ መሐል ተነስተው «ልጄ፣ እኔ ስማርት ስልክ የለኝም። ይህ ሁሉ ለኔ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ። ጋሼ፣ ከዛሬው ሁሉ ለእርስዎ የሚሆነው የስህተት ደብተሩ ነው አልኳቸው። ካርድ አይፈልግም። የስድስት ደቂቃውን ጽሑፍ ደግሞ ከወጣቶቹ አንዱ ያትምልዎታል። ሁለት ልጆች ወዲያው እጃቸውን አወጡ፤ አንዷ ስልክ ቁጥራቸውን ስትመዘግብ አይቻለሁ።

አንዲት የግል አስጠኚ ደግሞ «ወላጆች ሰዋስው ነው የሚፈልጉት። ስናወራ ካዩ ገንዘባችን ባከነ ይላሉ» አለች። ይህ እውነተኛ ችግር ነው። እኔ ለወላጅ የልጁን የመጀመሪያ ሳምንት ድምፅና የሁለት ወር በኋላውን ድምፅ አስከትዬ አሰማቸዋለሁ። እንግሊዝኛ ባይችሉም ልዩነቱ ይገባቸዋል። አንድ አባት ሁለተኛውን ሰምተው «ይሄ የኔ ልጅ አይደለም» ብለውኛል።

«ሰኞ በየትኛው እንጀምር?» ላላችሁት፣ በአንድ ብቻ ጀምሩ። አንድ የስድስት ደቂቃ ዝግጅት፣ ሦስት ምርጫ ሰሌዳ ላይ። ሌላው ይቆይ።

ያወረድኳቸው ፋይሎች እዚህ ጠረጴዛው ላይ ያለው ላፕቶፕ ውስጥ ናቸው። ፍላሽ የያዛችሁ ተራ በተራ ኑና ገልብጡ። ቫይረስ ያለበትን ግን እባካችሁ አትሰኩብኝ፤ ባለፈው ስብሰባ የደረሰብኝን እኔ ነኝ የማውቀው።